ወፉ ነው ያስፈጀኝ

መስከረም ማለቂያ ላይ ነው፣ ፀደይ ገባ ተብሎ ጅማ ግን ዝናቡ የሰማ አይመስልም፣ ባዮሎጂ የሚያስተምረው ጎረቤታችን "ቦዬ ሄደን ወፍ እንይ" አለኝ። ቦዬማ ረግረጉ ላይ ጉማሬ ነው የሚታይበት፣ ወፍ ግቢዬ ውስጥም ሞልቷል ብዬ ልቀር ነበር፣ ባለቤቴ ለካ ሰምታ ኖሮ እሁድ ጠዋት ከኔ ቀድማ ለብሳ ጠበቀችኝ። ባጃጅ ይዘን ሄድን።

ጉማሬው አልወጣም (እሁድ አይሰራም መሰለኝ)። ውሃው ዳር ያለው ዛፍ ላይ ግን ጎጆው እንደ ፍሬ ተንጠልጥሏል፣ ቢጫ ወፎች፣ ወንዶቹ ጭንቅላታቸው ጥቁር ዓይናቸው ቀይ፣ ጫጫታው በቃ የመርካቶ የገበያ ቀን ነው። መምህሩ ባይኖኩላሩን ለባለቤቴ ሰጥቶ ማስረዳት ጀመረ። ነገር የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ቤቱን የሚሰራው ወንዱ ነው አሉ። ሳር እየሰነጠቀ በምንቃሩ ብቻ ይሸምናል፣ መግቢያውን ከስር ያደርገዋል፣ ሲጨርስ እዛው ስር ተዘቅዝቆ ክንፉን እያርገበገበ እንደ ቤት ደላላ ይጣራል። ሴቷ ትመጣለች፣ ትገባለች፣ ውስጡን ጎተት ጎተት አድርጋ ትፈትሻለች፣ ካልጣማት ውልቅ። ሳሩ ደርቆ ቡናማ ከሆነማ ዞር ብላም አታየው። እሱስ? አኩርፎ ጫት ቤት አይሄድ፣ ያንኑ ጎጆ አፍርሶ እንደ አዲስ ይጀምራል!

"ያፈርሰዋል?" አለች ባለቤቴ ባይኖኩላሩን ሳታወርድ።

"አዎ፣ እስክትወድለት።"

ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ፣ የኛ ቤት ቆርቆሮ ከግንቦት ጀምሮ ያፈሳል፣ ባልዲው ሳሎን ውስጥ እንደ ሶፋ ቋሚ ቦታ ይዟል። ወሬ ላስቀይር ብዬ "ወንዱ ግን ከአንድ በላይ ነው የሚያገባው አይደል?" አልኩ፣ ምን አስጠየቀኝ!

"አዎ፣ ለእያንዳንዷ ግን የራሷን ጎጆ ይሰራል" አለ መምህሩ፣ ፈጣሪ ይይለት።

"እኛ ያለን አንድ፣ እሱም ያፈሳል" አለች።

ቤት እንደደረስን መሰላል ልዋስ ከኋላችን ያሉት ጎረቤቶች ጋ ሄድኩ፣ የጫት በርጫ ላይ ደረስኩ። "ቁጭ በል እንጂ" አሉኝ፣ ቁጭ አልኩ፣ የወፉን ነገር አጫወትኳቸው፣ በጣም ገረማቸው፣ አንዱማ ነገውኑ ሄጄ ካላየሁ አለ። ከዛ ዝናቡ መጣ፣ መሰላሉም እዛው አደረ።