እርማት፦ በቲሹ ካልቸር የተባዛ ጽጌረዳ ዘረመሉ አልተነካም

ወንድሜ፣ «ጅማ ውስጥ የላብራቶሪ ጽጌረዳ አትግዙ፣ ዘረመሉ የተቀየረ ነው» ላልከው ነው የምመልስልህ። ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል፤ ግን ስህተት ነው።

ቲሹ ካልቸር ማለት የተክልን ቁራጭ ላብራቶሪ ውስጥ፣ በጠርሙስ አሳድጎ ማባዛት ነው። ከጤነኛ ተክል አንድ አንጓ ይቆረጣል። የምትፈለገው በቅጠሉ ብብት ያለችው ትንሿ ዓይን ናት። አንጓው በበረኪና ውሃ ይጸዳና ስኳር፣ ማዕድንና ቫይታሚን ባለው፣ እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ ይተከላል። የምግቡ ቀመር አብዛኛውን ጊዜ ሙራሺጌና ስኩግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1962 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ሳይቶካይኒን የሚባለው ሆርሞን ቀንበጥ ያበዛል፣ ኦክሲን ሥር ያስይዛል። ሁለቱም አዲስ ዘረመል አያስገቡም። እናቶቻችን ከጎረቤት ቅርንጫፍ ለምነው አጥር ሥር ሲተክሉም የሚያባዙት ያንኑ እናት ተክል ነው። አልፎ አልፎ ለየት ያለ ችግኝ ሊወጣ ይችላል፤ በተለይ ከዓይን ሳይሆን ከካለስ (ገና ቅርጽ ካልያዘ የሴሎች ክምር) ሲባዛ።

«ገዝቼው ደረቀብኝ» ያልከው ግን ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ሊድን ይችል ነበር። ጠርሙስ ውስጥ ያደገ ቅጠል የሰም ልባሱ ስስ ነው፣ ውሃ ቶሎ ያመልጠዋል። የጅማን እርጥበት አትመን። በላስቲክ ሸፍነህ ጥላ ሥር አቆየው፣ ላስቲኩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ክፈትለት። ፀሐይ የሚያየው ከሳምንታት በኋላ ነው።