ዋናው መስታወቱ ነው

ባለሕንፃዎችን ሰው ሁሉ ያማል። እኔ ግን ላመሰግን ነው የመጣሁት። ሕንፃ የሚያህል ነገር አቁሞ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ተከራይ አስገብቶ፣ ከዚያ በኋላ «ለካ ሊፍት አለ!» ማለት ቀላል እርጋታ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ባለሕንፃው ግን መች ሮጡ? ቁጭ ብለው ነው የረሱት።

አጉል ጠንቃቃ መሐንዲሶች አሉ። ሕንፃው ገና ወረቀት ላይ እያለ ጥያቄ ያበዛሉ። መኖሪያ ነው? ቢሮ ነው? ሆስፒታል ነው? ሰዉ ሁሉ በአንድ ሰዓት ነው የሚገባው? ከዚያ ሰው በሚጋፋበት ሰዓት፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ ስንቱ መድረስ እንዳለበት ያሰላሉ። አንድ ሊፍት ይበቃል ወይስ ሁለት? ባለ 630 ኪሎ ይሁን ባለ 1000? የመጀመሪያው 8 ሰው፣ ሁለተኛው 13 ሰው መሆኑ ነው፤ አንዱ ሰው 75 ኪሎ ተብሎ። ምን አደከማቸው? ባለሕንፃው ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «መስታወት አለው?»

ሻጩ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳያል። እሳቸው በሁለት ጣታቸው ያጎሉታል። ግድግዳው ወርቅማ ነው። ጣሪያው ላይ ኮከብ የመሰሉ መብራቶች ተበትነዋል። ቁልፉ ሲነካ ሰማያዊ ይበራል። «ይሄ ይሁን» ይላሉ። ሻጩ ትንሽ ኅሊና ካለው «ጋሼ፣ ሻፍቱ፣ ሊፍቱ የሚመላለስበት ቀዳዳ ማለቴ ነው፣ ስፋቱ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

«እሱን አንተ አስገባዋ!»

አለቀ፤ ሊፍት ተመረጠ።

ዓይነቱማ ምን ያከራክራል? በሃይድሮሊክ የሚሠራው አለ፤ ፓምፕ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ፒስተኑን፣ ፒስተኑ ሰው የሚቆምበትን ሳጥን፣ ካቢኑን፣ ያነሳል። ዝግ ይላል፣ ከባድ ዕቃ ግን አይፈራም። ለጥቂት ፎቅ ነው የሚሆነው። በብረት ገመድ የሚሄደው አለ፤ በአንዱ ጫፍ ካቢኑ፣ በሌላው ሚዛን የሚጠብቅ ክብደት ይንጠለጠላል፣ ሞተሩ የሚታገለው ከልዩነቱ ጋር ብቻ ነው። ፎቅ ሲበዛ የሚሻለው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ኮኔ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ሞተሩን እዚያው ሻፍቱ ውስጥ የከተተ ሊፍት አወጣና አናት ላይ ያለውን የማሽን ክፍል አስቀረ።

ባለሕንፃው ከዚህ ሁሉ የሰሙት «አስቀረ» የምትለዋን ነው። የማሽን ክፍል ከቀረ፣ ከመጨረሻው ፎቅ በላይ ትርፍ ቦታ ለምን? ከታችስ ጉድጓድ ምን ይሠራል? ሊፍቱ ሁለቱንም እንደሚፈልግ የነገራቸው ሰው «ወጪ የሚያበዛ» ተብሎ ተሰናበተ። ውጤቱ ያኮራል። ሊፍቱ አናት ላይ ቦታ ስላጣ አንድ ፎቅ ሲቀረው ይቆማል፤ የቀረውን በእግር ነው። ከታች ደግሞ ጉድጓድ ስለሌለ በሩ ከወለሉ ከፍ ብሎ ተገጠመ። ስለዚህ ደረጃ ላለመውጣት መጀመሪያ አራት ደረጃ ትወጣላችሁ። ለጤና ጥሩ ነው።

የማዝነው ለኤሊሻ ኦቲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ኒው ዮርክ ላይ፣ ኤግዚቢሽን ውስጥ፣ ሰው አንጋጦ እያየው ከፍ ያለ የሊፍት መድረክ ላይ ቆመ። ከዚያ መድረኩን የያዘውን ገመድ አስቆረጠ። የሠራው ብሬክ ያዘና መድረኩ ሳይወድቅ ቆመ። ጎበዝ፣ ምን ያለ ነጋዴ ነው? ያን ሁሉ ሕዝብ ሰብስቦ ብሬክ ያሳያል? አንድ መስታወት ለጥፎ ቢመጣ ኖሮ ገመድም ባልተቆረጠ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ መስታወቱ ሥራ አለው። በተሽከርካሪ ወንበር የገባ ሰው ጠባብ ካቢን ውስጥ መዞር አይችልም። ወደኋላ ሲወጣ በሩንና ከጀርባው ያለውን የሚያየው በመስታወቱ ነው። እኔ የምኖርበት ሕንፃ መስታወት ከወለል እስከ ጣሪያ ነው፣ የሚጎድለው ነገር የለም። ሊፍቱ ባለ 4 ሰው ስለሆነ ግን ተሽከርካሪ ወንበሩ በበሩ አያልፍም። መስታወቱ እስካሁን እየጠበቀ ነው።

ባለፈው ጎረቤቴ እማማ ታመው አምቡላንስ ተጠራ። የአምቡላንሱ ልጆች ቃሬዛ ይዘው ስድስተኛ ፎቅ ወጡ፤ በደረጃ ማለቴ ነው። ሲመለሱ እማማን ቃሬዛው ላይ ከማስተኛታቸው በፊት ባዶውን ሊፍቱ ላይ ሞከሩት። በቁመቱ አስገቡት፤ ግማሹ ውጭ ቀረ። አጋደሙት፤ በሩ እምቢ አለ። ቃሬዛ እንደተዘረጋ እንዲገባ ካቢኑ ወደ ውስጥ 2.10 ሜትር ያህል ይፈልጋል። የኛ አንድ ሜትር ናት። አንደኛው ልጅ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ ኮከቦቹን ትንሽ አያቸው።

በመጨረሻ እማማን ወንበር ላይ አስቀምጠው በደረጃ ሊያወርዷቸው ተነሱ። የሊፍቱ በር እንደተከፈተ ነበር። በዚያ ሲያልፉ «ቆዩማ ልጆቼ» አሉ። መስታወቱን አይተው ሻሻቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ስድስቱን ፎቅ በሰው ትከሻ ወረዱ።