ጠበቃ ናት ወይስ ፍቅረኛ?

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ማልዶ ወደ መሀል ከተማ በሚወስደን የመንግሥት ሠራተኞች ሰርቪስ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ለወራት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቷል። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ፣ ፍቅርን ከወንጀልና ከችሎት ሙግት ጋር ያጋመደ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚፈጸም ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ነው። ባለታሪኳ ጠበቃ የንግድ ሸሪኩን ገድሏል ተብሎ ለተከሰሰ መሐንዲስ ጥብቅና ትቆማለች፤ ገዳይ ይሁን ንጹሕ ሳታውቅ ትወደዋለች፤ ማታ ማታ በበሯ ሥር የማስፈራሪያ ወረቀት ይገባል። መጽሐፉ እኔ ዘንድ ሲደርስ ጀርባው በፕላስተር ተጠግኖ ነበር፤ የገጾቹ ኅዳግ ደግሞ ከእኔ በፊት ያነበቡት ሰዎች በእስክሪብቶ በጻፉት አስተያየት ተሞልቷል። ጠበቃዋ በእስረኛ መጠየቂያው ክፍል የደንበኛዋን እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በያዘችበት ገጽ ላይ አንዱ በሰማያዊ ቀለም «ጠበቃ ናት ወይስ ፍቅረኛ?» ብሏል፤ ከሥሩ ሌላ ሰው በቀይ «ሁለቱንም መሆን አትችልም ያለው ማን ነው?» ሲል መልሶለታል።

አንባቢዎቹ እንደ ቀለሙ ሁሉ በሁለት ጎራ የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ጎራ ፍቅሩን አወድሶ ችሎቱን «አሰልቺ» ይለዋል፤ ሌላኛው ችሎቱን ወዶ ፍቅሩን «የተለጠፈ» ይለዋል። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች ሳያውቁት በአንድ ጉድለት ላይ እየመሰከሩ ነው ባይ ነኝ። ፍቅሩና ሙግቱ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንጂ አንዱ ለሌላው አያስፈልገውም።

ከሁሉ በላይ ሲደጋገም የሰማሁት ትችት ግን «የእኛ ፍርድ ቤት እንዲህ አይደለም» የሚለው ነው። በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ ጎረቤቴ ይህን ሲያስረዳ ከሕዝብ መካከል የተመረጡትን 12 ሰዎች ይጠቅሳል፤ በመጽሐፉ ውስጥ የተከሳሹን ዕጣ የሚወስኑት እነርሱ ሲሆኑ፣ እኛ ዘንድ ግን ማስረጃውን መዝነው ጥፋተኝነቱንም ቅጣቱንም የሚወስኑት ዳኞች ናቸው። ተርጓሚው ዳኛውን በየገጹ «ክብርነትዎ» ማሰኘቱም አስቆጥቶታል፤ «ክቡር ፍርድ ቤት ቢል ምን ነበረበት?» ይላል፤ በዚህ እስማማለሁ። ሆኖም የአሜሪካ ታሪክ የአሜሪካን ችሎት በማሳየቱ ሊወቀስ አይገባም፤ ደግሞም ልዩነቱ ጎረቤቴ የሚለውን ያህል አይሰፋም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችንም ምስክር በዋና ጥያቄ፣ በመስቀለኛ ጥያቄና በድጋሚ ጥያቄ እንዲፈተን ያዛል፤ ምስክሩን ያቀረበው ወገን በዋና ጥያቄ ላይ መልሱን የሚጠቁም መሪ ጥያቄ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ተቃራኒው ወገን በሚያቀርበው መስቀለኛ ጥያቄ ግን ይፈቅዳል።

የመጽሐፉ ምርጥ ክፍልም እዚህ ላይ ያረፈ ነው። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ከአጥር ማዶ የተከሳሹን ድምፅ እንደሰማ ይመሰክራል። ጠበቃዋ ስለ ድምፁ አንድም ቃል ሳታነሳ ማምሻውን ምን ሲያደርግ እንደነበረ ትጠይቀዋለች። በሬዲዮ ኳስ ይከታተል እንደነበር፣ ማን ስንት እንዳገባ፣ ደስታው እስከ ምን ድረስ እንደነበረ በኩራት ይተርካል፤ በመጨረሻ ሬዲዮው ምን ያህል ተከፍቶ እንደነበረ ስትጠይቀው አዳራሹ ጸጥ ይላል። በላ ልበልሃ ሲባል የሰማ፣ አያቶቻችን በበቅሎና በማር እየተወራረዱ፣ በተጠየቅ እየተጣጣሉ መሟገትን እንዴት አድርገው የአደባባይ ጥበብ እንዳደረጉት የሚያውቅ አማርኛ አንባቢ በዚህ ገጽ ላይ እንግድነት ሊሰማው አይችልም። በኅዳጉም ላይ ያለው «ረታችው!» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው።

ችግሩ እንዲህ ያለ ገጽ ጥቂት መሆኑ ላይ ነው። አብራኝ የምትቀመጥ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የምስክሮቹን ቃል እየዘለለች የፍቅሩን ክፍል ብቻ ማንበቧን ሳትሸሽግ ነግራኛለች፤ ሆኖም ታሪኩ አንድም ቦታ አልተቋረጠባትም። ሰዎች ይህን ሲሰሙ እርሷን «አንባቢ አይደለሽም» ብለው ይወቅሷታል። እኔ የምወቅሰው ደራሲውን ነው፤ ምስክርነት ተዘልሎ የሚነበብ የችሎት ታሪክ ችሎቱን ለጌጥ ነው ያስገባው።

የባሰው መጨረሻው ነው። 12ቱ ሰዎች ለመምከር ወደ ክፍላቸው በገቡበት ሌሊት እውነተኛው ገዳይ ቢላ ይዞ ወደ ጠበቃዋ ቤት ይመጣል፤ ከመሰንዘሩ በፊትም ወንጀሉን ከሀ እስከ ፐ ይናዘዝላታል። ያዳምጠው የነበረ ፖሊስ ደርሶ ይይዘዋል፤ ፍቅረኞቹ ይተቃቀፋሉ፤ መጽሐፉ ያልቃል። 12ቱ ሰዎች ምን ሊሉ እንደነበረ አናውቅም። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ በእርሳስ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ፍርዱስ?» የሚል ተጽፏል። የጡረተኛው መምህራችን የጋሼ ጽሑፍ መሆኑን አውቄ ስጠይቃቸው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ተከሳሹ ነጻ መውጣቱ አላጠገባቸውም፤ የፈለጉት ነጻ ሲባል መስማት ነበር።

ከሁሉም አስተያየቶች የጠቀመኝ ግን መጽሐፉ ላይ ያልተጻፈው ነው። ሰፈራችን ከቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ብዙም ስለማይርቅ በማለዳ ስንቅ አንጠልጥለው ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎችን ማየት ለእኛ ብርቅ አይደለም። በአንድ ወቅት ለታሰረ እጮኛዋ ስንቅ ታመላልስ የነበረች አንዲት ጎረቤቴ መጽሐፉን በሁለት ሌሊት ጨርሳ መለሰችልኝ። ሳህኑን በፌስታል እንዴት እንደምትቋጥረው፣ በር ላይ ካመጣችው ወጥ በጠባቂው ፊት እንዴት ቀምሳ እንደምታሳይ በእጇ እያሳየች ነገረችኝ፤ ቀጥላም «ሙግቱ በሦስት ቀን ካለቀ መቼ ተዋደዱ?» አለች።

ይህ ጥያቄ የመጽሐፉን ስፌት ከየትኛውም ሂስ በላይ ይፈታዋል። እኛ ዘንድ ሙግት የሚሄደው በቀጠሮ ነው፤ ምስክር አልቀረበም ተብሎ፣ መዝገቡ አልተመረመረም ተብሎ ለሌላ ቀን ይሻገራል። ይህ ለባለጉዳይ መከራ መሆኑን አልክድም፤ ለልብ ወለድ ግን ፍቅር የሚፈተንበት ጊዜ በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ያለው ነው። ሕጋችን ለጸሐፊ የሚሰጠው ሌላም ነገር አለ። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ካለቀ በኋላ ፍርድ ቤቱ ወይ ተከሳሹን በነጻ ያሰናብተዋል፣ ወይ «ይከላከል» ብሎ ብይን ይሰጣል። ይህን ብይን ለመስማት ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠች፣ እግሯ ሥር ባዶ ሳህን ያስቀመጠች ሴት ያለችበት ምዕራፍ ማስፈራሪያ ወረቀትም ቢላም አያሻውም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ቢመጣ ያችን ባልደረባዬን እንኳ የምስክር ቃል ሊያስነብባት ይችላል።

መጽሐፉ አሁን ከሰርቪሱ የኋላ ወንበር ከሚቀመጥ አንድ ወጣት ዘንድ ነው። ሬዲዮው ላይ ደርሷል፤ «መጨረሻውን እንዳትነግረኝ» ብሎኝ ስለነበረ ፍርዱ እንደማይነበብ አልነገርኩትም።