እንስራ ተሸካሚዋ ማን ትባላለች?

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ሆቴል ገብቼ ሰው ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ትልቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ዐይኔን ያዘው። እንስራ አዝላ ከወንዝ ዳገቱን የምትወጣ ሴት ናት፤ ገመዱ ደረቷ ላይ ተወጥሮ ቀሚሷን ጨምድዶታል፣ የባዶ እግሯ ጣቶች ድንጋዩን ቆንጥጠው ይታያሉ። ከሥሩ የተጻፈው «የገጠር ሴት» የሚል ብቻ ነው። የየት አገር ሰው እንደሆነችና መቼ እንደተነሣች እንግዳ ተቀባይዋን ብጠይቃት፣ «ለጌጥ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። ልጅቷ ጥፋት የለባትም፤ መልሱ ግን እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

እኔ የምኖረው ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ከተማ ነው። እዚያ ከባሕሩ ዳር ኒውሄቨን የምትባል የዓሣ አጥማጆች ሰፈር አለች። ፎቶግራፍ ለዓለም ከተዋወቀ ገና ጥቂት ዓመታት ሲሆነው፣ ከእ.ኤ.አ. 1843 አንሥቶ፣ ዴቪድ ኦክታቪየስ ሂልና ሮበርት አዳምሰን ወደዚህች መንደር እየወረዱ አጥማጆቹንና ዓሣ በቅርጫት አዝለው ከተማ የሚሸጡትን ሴቶች አነሡ። ኔጋቲቩ፣ ማለትም ምስሉ መጀመሪያ የሚያርፍበት፣ ወረቀት ስለነበር ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ ተነሺዎቹ ፀሐይ ላይ ሳይነቃነቁ መቆየት ነበረባቸው። የእንጦጦን እንጨት ተሸካሚ እናቶች ላየ ሰው ያ ሸክም እንግዳ አይሆንበትም። እኔን ያስቀናኝ ሌላ ነው፦ ኤልሳቤጥ ጆንስተን ሆል፣ ጂኒ ዊልሰን፣ አኒ ሊንተን ተብሎ የዓሣ ሻጮቹ ስም ከምስላቸው ጋር ዛሬም አለ።

ወደ እኛ አገር የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲዘምት ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ መጥቷል፤ በኋላም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ቤተ መንግሥት ሠርቷል። ንጉሡና መኳንንቱ በስም በማዕረግ ይታወቃሉ፤ በሬ የጠመደውና ጥጥ የምትፈትለው ግን በአብዛኛው «ገበሬ» እና «ሴት» ሆነው ቀርተዋል። የውጭው ሰው ባይጠይቅ ቋንቋውን አያውቅም እንበል፤ ቋንቋውን የምናውቀው እኛስ ለምን አልጠየቅንም?

በማግሥቱ አራት ኪሎ አክስቴ ቤት ሄጄ አልበማቸውን አስወጣሁ። አውድማ ላይ የቆሙ አራት ሴቶች አሉበት። እርሳቸው መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እያሳዩ ሲነግሩኝ፣ እኔ ከጀርባው በእርሳስ ጻፍሁ፤ አንዷ እናታቸው፣ ሁለቱ አክስቶቻቸው ናቸው። አራተኛዋ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ፣ ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉትና፣ «ጎረቤታችን ነበረች፤ እንጀራዋን በልቻለሁ፤ ስሟን ግን አጣሁት፣ ልጄ» አሉኝ።