ሪባኑ ይቆረጥ፣ ሶኬቱ ይደርሳል

የዛሬው ጽሑፌ ምስጋና ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን መኪና ከነዳጅ ወደ ኤሌክትሪክ ለማዞር ደፋ ቀና የሚሉ ኃላፊዎችን ሁሉም ይተቻል። አንድ እንኳ "እግዜር ይስጣችሁ" የሚል ጠፋ። እኔ ልበል።

ከሁሉ በፊት ድፍረታቸው ይደንቀኛል። እኛ ፈሪዎቹ ስልክ ስንገዛ እንኳ ቻርጀሩ ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን ከፍተን እናያለን። እነሱ 20 መኪና ሲገዙ "የት ነው የምንሰካው?" ብለው አይጠይቁም። ጥፋቱም የእነሱ ብቻ አይደለም። መኪናው የሚገዛው ከአንድ የበጀት መደብ ነው፣ ቻርጀሩ የሚተከለው ከሌላ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመኪናው ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ይሮጣል። የቻርጀሩ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። "በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ" የሚሉ አሉ። ምቀኞች ናቸው።

የአንዱን መሥሪያ ቤት ርክክብ በዓይኔ አይቻለሁ። መኪኖቹ ነጭ በነጭ ሆነው ተደርድረዋል። የጎን መስታወቶቻቸው ላይ ሪባን ታስሯል። መድረኩ ላይ "ዜሮ ልቀት" (ጭስ የማያወጣ ማለታቸው ነው) የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደተነሳ መቁጠር ጀምሬ ደክሞኝ ተውኩት። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ የእንግዶቹ ናፍጣ መኪኖች ሞተራቸው ሳይጠፋ ቆመዋል። አንዱን ሾፌር "ለምን አታጠፋውም?" አልኩት።

"ኤሲው ይጠፋላ! ጋሼ ሲወጡ መኪናው ቀዝቅዞ መጠበቅ አለበት" አለኝ።

ንግግሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ግን ማን ይህን ይቆጥራል? ንግግሩ ስለ ወደፊቱ ነበር።

ማታ እንግዳው ሲበተን የስምሪት ኃላፊው ማራዘሚያ ይዞ ወጣ። ገመዱ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ወረደ፣ የአበባውን መደብ ተሻገረ፣ የመጀመሪያዋ መኪና ላይ ተሰካ። ጭብጨባ ቀረሽ። ሁለተኛዋ ስትሰካ ፎቁ ድርግም አለ። ይህ ውድቀት እንዳይመስላችሁ፣ የኃይል ቁጠባ ነው። ከተራ ሶኬት የሚገኘው ወደ 2 ኪሎዋት ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከባዶ ለመሙላት 30 ሰዓት ይፈልጋል። ሰኞ እኩለ ቀን የሰካችሁትን ማክሰኞ ማታ ትነቅላላችሁ። ትዕግሥት የሚያስተምር መኪና ሌላ የት ይገኛል?

እርግጥ ደስታ የሚያጠፋ ሰው አይጠፋም። አንድ ኢንጂነር ስብሰባ ላይ ወረቀት አውጥቶ ማስላት ጀመረ። "ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር 20 ተክላችሁ ሁሉንም ባንዴ ብትሰኩ 140 ኪሎዋት ነው። ትራንስፎርመሩ ይችላል?" አለ። ዝም ሲሉት ቀጠለ። "ግን 20 አያስፈልጋችሁም። መኪናዋ በቀን 60 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ብትበላ፣ የቀኑ ፍጆታዋ 11 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትጠግባለች። ጥበቃው ሌሊት እየነቀለ ቢሰካ 5 ቻርጀር ለ20 መኪና ይበቃል።"

አያችሁ ነገሩን? 5 ቻርጀርና አንድ ጥበቃ! ለዚህ ማን መድረክ ይሠራል? ደግሞ እያንዳንዷ መኪና በቀን ስንት እንደምትሄድ መጀመሪያ መመዝገብ አለበት። ይመዝገብ ከተባለ ቅዳሜ የት እንደዋለችም ሊመዘገብ ነው። ኢንጂነሩ በስብሰባው ላይ በድጋሚ አልተጠራም።

ሌላው የሚያስመሰግናቸው ምርጫቸው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ ውድ፣ ሲነዳ ርካሽ ነው። ዋጋውን የሚመልሰው በብዙ በመሮጥ ነው። ስለዚህ ተራ አእምሮ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚቀይረው በየቀኑ የታወቀ መንገድ የሚመላለሰውን፣ ማታ ግቢ ገብቶ የሚያድረውን ነው፤ የፖስታውን፣ የቆሻሻውን፣ የተላላኪውን። የእኛዎቹ ግን መጀመሪያ የቀየሩት የዋናውን ኃላፊ መኪና ነው። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና አንድ ሰውና አንድ ቦርሳ ተሸክሞ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሄድና ጥላ ሥር ይውላል። ባትሪው እንዳይደክም ታስቦ ይሆናል። የድሮዋ ናፍጣም አልተሸጠችም፣ "መጠባበቂያ" ተብላ ግቢ ውስጥ ቀርታለች። በወረቀት ላይ ሽግግር ነው፣ በግቢው ቁጥር ግን ጭማሪ።

ጠንቀቅ ያሉት ደግሞ ሃይብሪድ ይገዛሉ፤ ነዳጅም ኤሌክትሪክም የሚጠጣውን። ገመዱ ከነላስቲኩ የኋላ ኮፈን ውስጥ ተቀምጦ በቤንዚን ይነዳል። የአውሮፓ ኮሚሽን በፈረንጆቹ 2024 ባወጣው ሪፖርት እንዲህ የሚሰኩ ሃይብሪዶች መንገድ ላይ የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሙከራ ከተመዘገበው በአማካይ 3.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። መኪናው ምን ያድርግ? ካልሰኩት አይጠጣም።

የግብ ዓመት መምረጥም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ደንቡ አንድ ነው፤ ዓመቱ ሲደርስ እናንተ ወንበሩ ላይ አትኑሩ። አሜሪካ በፈረንጆቹ 2021 መጨረሻ የፌዴራል መንግሥቱ የሚገዛቸው ቀላል መኪኖች በ2027፣ ሁሉም መኪኖች ደግሞ በ2035 ዜሮ ልቀት ይሁኑ የሚል ትእዛዝ አወጣች። በጥር 2025 አዲሱ ፕሬዚዳንት በገቡበት ቀን ትእዛዙ ተሻረ። ኖርዌይ ግን ቀልድ አታውቅም። የመንግሥት ገዢዎች ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ዜሮ ልቀት የሆነ የቤት መኪና እንዲገዙ በደንብ አሰረቻቸው። የቻይናዋ ሸንዘን ደግሞ የባሰች ናት። ከ16 ሺህ በላይ የከተማ አውቶቡሶቿን በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ኤሌክትሪክ አድርጋ ጨረሰች። ጨረሰች! አሁን ምን ሊመርቁ ነው?

ወደዚያ ግቢ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሼ ነበር። መኪኖቹ አቧራ ለብሰዋል፣ ሪባኑ አልተፈታም። አንዷን ሊያንቀሳቅሱ ፈልገው በሯ እምቢ ብሏል። ለካ ኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ማንኛውም መኪና ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላት። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ቢሞላም ምንም አይነሳም። ሾፌሩ ጭንቅላቱን አከከና መጠባበቂያዋን ናፍጣ አስነሳ። እየጨሰች መጣች፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ቆመች፣ በገመድ ተያያዙ። ነጯ መኪና መብራቷን ብልጭ አደረገች።

የሕዝብ ግንኙነቱ ካሜራውን ይዞ እየሮጠ ደረሰ።

"ናፍጣዋን ትንሽ ወደ ኋላ በሏት፣ ፎቶው ውስጥ እየገባች ነው" አለ።