ቸርችል ጎዳና የማን ነው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቅር እንዳትሰኙብኝ። ልቆጣ ነው የመጣሁት።

ባለፈው ሳምንት ፖስታ ቤት አካባቢ ታክሲ እጠብቃለሁ። አጠገቤ ሱፍ የለበሰ፣ ጫማውን ያስጠረገ ጎልማሳ ኦቾሎኒ ይበላል። ጨረሰ። ወረቀቱን ጨምድዶ መሬት ጣለው። እሱስ ለምጄዋለሁ። ሰውየው ግን በጫማው ጫፍ እየገፋ እየገፋ እስከ ፍሳሽ መውረጃው ክዳን ወሰደውና በቀዳዳው ወደ ታች ሰደደው። ከዚያ ጎል እንዳገባ ሰው ቀና አለ። ሳፈጥበት ጊዜ ፈገግ ብሎ፣ «ለጠራጊዎቹም እኮ ሥራ መፍጠር ነው» አለኝ። የቆሻሻ መጣያው አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር።

የቆመበትን መንገድ ያውቀው ይሆን? እናንተስ?

ቸርችል ቁልቁለት ነው። ከላይ ማዘጋጃ ቤት፣ ከታች ለገሃር። «ለገሃር» ራሱ የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን በባቡር የመጣ እንግዳ ከተማዋን መጀመሪያ የሚያያት ከዚያ ጫፍ ሆኖ ሽቅብ ነበር። ጣቢያው ፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ጣሊያን ነቅሎ ሮም ድረስ ወስዶታል። እስኪመለስ ስንት ዓመት ፈጀ! ጎዳናው ደግሞ የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ስም ያገኘው ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ነው።

ከዚያ የመጣው ሁሉ ጨመረበት። ጃንሆይ የዘውዳቸውን 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ሲያከብሩ፣ ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቴአትር ቤት ተመረቀ። ፊቱ ያለውን የድንጋይ አንበሳ የቀረጸው ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። (ልጅ ሆኜ አንበሳ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል።) ማዘጋጃ ቤቱን ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነደፈውና በ1950ዎቹ አናቱ ላይ ጉብ አለ። ደርግም አብዮቱ 10 ዓመት ሲሞላው፣ መስከረም 1977 ዓ.ም.፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል የትግላችንን ሐውልት አቆመ። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ አለበት። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ አለ። በየካቲት 2016 ደግሞ ከላይ ፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተከፈተ። አስፋልቱና የእግረኛ መንገዱም ከጥቂት ዓመታት በፊት ታድሷል።

ይህን ሁሉ የቆጠርኩት አስጎብኚ ለመሆን አይደለም። ማን ሠራው በሚለው ስንነታረክ ስለምንውል ነው። አንዱ የጃንሆይን ዘመን ያመሰግናል። አንዱ ደርግን ይራገማል። ሌላው የአሁኑን ያነሳል፣ ይጥላል። ጭቅጭቁ ሲያልቅ ግን ሁሉም እዚያው አጥር ሥር ተራ በተራ ዚፑን ይፈታል። በሽንት ላይ እንኳ ልዩነት የለንም!

«የመንግሥት ነው» ትላላችሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? ታዲያ የዚህኛው አጥር ባለቤት ማን ሆኖ ነው የናቃችሁት? ከደመወዛችሁ ግብር ሲቆረጥ «የእኔ ገንዘብ» ብላችሁ ታጉረመርማላችሁ። ያ ገንዘብ ንጣፍና መብራት ሆኖ ሲመጣ ግን የሌላ ሰው ይሆንባችኋል። ቤታችሁ ስትገቡ ጫማ ታወልቃላችሁ። ከግቢው በር ወጣ ስትሉ ያ ሁሉ ጨዋነት የት ይገባል? ደንብ አስከባሪ ሲታይ ብቻ ነው የምንሰለጥነው፤ እሱ ዞር ሲል እኛም ዞር እንላለን።

ባለ መኪናዎች፣ አትሳቁ። «ሁለት ደቂቃ ብቻ» እያላችሁ ጎማችሁን እግረኛ መንገድ ላይ የምትሰቅሉት እናንተ ናችሁ። ነፍሰ ጡሯ እናንተን ለመዞር አስፋልት ትገባለች። የተተከለ አበባ ከነሥሩ ነቅላችሁ ግቢያችሁን የምታስውቡትም አላችሁ። እናንተንስ ምን ብዬ ልጥራችሁ፣ ስም አጣሁ።

የኦቾሎኒዋ ወረቀት የት እንደምትደርስ ልንገራችሁ። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ከፒያሳ በኩል ቁልቁል ይንደረደራል። ታች ሲደርስ ቱቦው በሃይላንድና በፌስታል ተጠቅጥቋል። ውኃው መግቢያ ሲያጣ አስፋልቱን ይዞ ይተኛል። ያኔ ሱሪያችንን ሰብስበን፣ ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ «ምን ዓይነት አገር ነው!» እንላለን። እኔም ብያለሁ።

ያን ቀን ታክሲው አልመጣ ሲል ትንሽ ወደ ታች ወረድኩ። አንዲት እናት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይጠርጋሉ። «እናቴ፣ በጣም የሚያስቸግርዎት ምኑ ነው?» አልኳቸው፣ ተቆርቋሪ መስዬ።

«ፌስታል ነው፣ ልጄ። ንጣፉ ላይ ይለጠፋል፤ በመጥረጊያ እሺ አይልም» አሉኝ። ከዚያ ወደ ታች አዩ። «እስቲ እግርህን አንሳልኝ።»

ቆሜበት ነበር።