ኧረ እነዚህ አንጋፋ ሱቆች!

እንግሊዝ ውስጥ አንድ አሮጌ ሱቅ ሊዘጋ ነው ሲባል ሁሉም ያለቅሳል። ቆይ፣ መጨረሻ የገዛችሁበት መቼ ነው? በየከተማው ሱቅ የነበረው ዉልዎርዝስ በ2009 መጀመሪያ ጨርሶ ዘጋ፣ ሌላው ትልቅ ሱቅ ቢኤችኤስ በ2016 ተከተለው፣ ከ1778 ጀምሮ የነበረው ዴበናምስም በ2021 ሱቆቹን ዘግቶ ስሙን የኢንተርኔት ነጋዴው ቡሁ ወሰደው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

ሁሌ ጥፋተኛ የሚባለው ኢንተርኔት ነው። እሺ፣ ኪራዩም የሱቅ ግብሩም ወገብ ይሰብራል፣ አልክድም። ግን የገዛችሁትን እስከ ቤታችሁ የማያደርሰው የርካሽ ልብስ ሱቅ ፕራይማርክ እንዴት ነው ሰው የሚተራመስበት?

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሰፈሬ ያለ አንድ ስሙን የማልጠራው ትልቅ ሱቅ፣ የልብስ መለኪያው ክፍል ተቆልፏል፣ ሒሳብ የሚቀበል ሰው የለም፣ ማሽኑ ደግሞ "ሠራተኛ ይጠብቁ" እያለ ይጮኻል። የቱን ሠራተኛ? አሰናብታችኋቸው የለ እንዴ!

ከ1792 ጀምሮ የነበረው የመጽሐፍና የጽሕፈት መሣሪያ ሻጭ ደብሊው ኤች ስሚዝም የከተማ ሱቆቹን በ2025 ሸጠ። ስሙ አብሮ ስላልተሸጠ ገዢው "ቲጂ ጆንስ" የሚል ስም ለጠፈባቸው። ጆንስ ማን ነው? ማንም አይደለም! ለታፔላ ገንዘብ ከተገኘ ለሁለት ገንዘብ ተቀባይ እንዴት ይጠፋል?